በቀለበት መንገድ ላይ ደንበኛ ስለሌለኝ

ለተከበሩ አቶ ናይጄል ኦርሜሮድ
የብራክንሾ የጥርስ ሕክምና ዕቃዎች አቅራቢ ኩባንያ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ
ማንቸስተር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና ከማይለይዎ የራስ እርካታ ጋር እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለጽጌረዳዎችዎ፣ እንዲሁም በዋናው በር ፊት ስምዎ ተጽፎበት ለተከለለው የመኪና ማቆሚያ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመለጠፌና ለሻጮች ሁሉ በመላኬ ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ፤ እርስዎም ስለ እኔ የጻፉትን ማስታወሻ የላኩት ለሁሉም ነበርና።

ጉዳዩ ላልደረሳቸው ባልደረቦቼ ባጭሩ ልንገር። የፊታችን ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ክሱ የኩባንያውን ነዳጅ ለግል ጉዳይዋ ሰርቃለች የሚል ነው። ጥፋተኛ ከተባልኩ ከሥራዬ ጋር ስሜንም አጣለሁ፤ በእኛ ሙያ ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ሌባ የተባለች ሻጭ የአንድም ጥርስ ሐኪም በር ዳግመኛ አይከፈትላትም። ከዚያ በፊት ግን ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር ልክፈል።

፩. መኪናዬን ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ። እኔ የጠየቅሁት ትንሽ የቤንዚን መኪና ነበር፤ ደንበኞቼ ሁሉ ከተማው ውስጥ ስለሆኑ፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስሄድ የመኪናው ማሞቂያ እንኳን ሳይሞቅ ስለምደርስ። እርስዎ ግን ከወንበርዎ ወደ ኋላ ተደግፈው «ሮዊና፣ ልጄ፣ መኪና በልብ አይመረጥም፤ በግራም ነው የሚመረጠው» አሉኝ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የካርቦን ግራም ባነሰ ቁጥር የኩባንያ መኪና በመያዜ የምከፍለው ግብር እንደሚያንስ፣ ናፍጣ ደግሞ በግራም ቤንዚንን እንደሚያስከነዳ አስረዱኝ። ሰፋ ያለ ጎማ ብመርጥ አንድ ግራም ይጨምራል ብለው ሰረዙት። ቀዩን ቀለም የፈቀዱልኝ ቀለም ግራም ስለሌለው ብቻ ነው። ግብር ሲቀነስለት የሚያዝን ሰው አይቼ ስለማላውቅ እኔም ፈረምኩ። የመኪኖቻችን አማካይ ግራም ዝቅ በማለቱ እርስዎ የአረንጓዴ ስምሪት ዋንጫ እንደሚሸለሙ አለመንገርዎን ከትሕትናዎ ቆጥሬዋለሁ።

፪. ስለ ጥቀርሻው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ስለሆነ ነገሩን በቀላሉ ማስረዳት አያቅተኝም። ይህች ንጹሕ መኪና ንጹሕ የተባለችው ጥቀርሻዋን ወደ ውጭ ከመትፋት ይልቅ ማጣሪያዋ ውስጥ ስለምትይዘው ነው። የያዘችውን የምታቃጥለው ደግሞ ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሄዳ ስትግል ብቻ ነው። ከትራፊክ መብራት ትራፊክ መብራት የምትንፏቀቅ ከሆነ ጥቀርሻውን እንደ ቂም ታጠራቅመዋለች፤ ከዚያ ብርቱካናማ መብራት ታበራለች፤ ችላ ካሏትም ትቆማለች። መብራቱ ሲበራ ወዲያው ደወልኩልዎ። «አትጨነቂ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ወደ ፈጣኑ መንገድ አውጫትና አስሩጫት። ፈረስ ቆሞ ሲውል እግሩ ይተሳሰራል።» ይህን የተነጋገርነው በስልክ ስለነበር ዛሬ ከሁለታችን የሚያስታውሰው አንዳችን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በኩባንያው የነዳጅ ካርድ ቀድቼ፣ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ በቀለበት መንገዱ ማንቸስተርን መዞር ያዝኩ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን «የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

«የትም።»

«ታዲያ መድረሳችንን በምን እናውቃለን?»

«ይሄ መብራት ሲጠፋ።»

የእንቁላል ሳንድዊቿን ከወረቀቱ እየፈታች «አባትሽም ነፍሱን ይማረው እንዲሁ ሲያዞረኝ ነበር የሚውለው» አለች፤ «እሱስ መንገድ ጠፍቶበት ነው። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

ክቡር ሆይ፣ የሆንኩት እንዲህ ነው። ነዳጅ በከንቱ እንዳታቃጥል ተብላ የተመረጠች መኪና፣ ንጽሕናዋን ለመጠበቅ ነዳጅ በከንቱ እንድታቃጥል ሆነች። የእርስዎን ዋንጫ የሚያሳምሩት ግራሞች በካታሎጉ ላይ ዝቅ እንዳሉ ቢቀሩም እኔ እሑድ እሑድ በትጋት አየር ላይ ስበትናቸው ከረምኩ።

፫. መንግሥትንም ባልዘለው ደስ ይለኛል። በዚህ ዓመት ሚያዝያ በናፍጣ መኪኖች ላይ የነበረውን የግብር ጭማሪ ከፍ አደረገው፤ በግራሙ የማይቆጠር ሌላ መርዝ ከናፍጣ እንደሚወጣ ዘግይቶ ትዝ አለው። መኪናዋ የተመረጠችበት ምክንያት ሄደ፤ መኪናዋ ቀረች። ትቀየርልኝ ብዬ ስጠይቅ «ውሉ አላለቀም፤ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ።

፬. ክሱን ሲያረቅቁ ስላሳዩት ጥንቃቄ ያለኝን አድናቆት መደበቅ አልችልም። «ሠራተኛዋ በቀለበት መንገድ ላይ ደንበኛ የላትም» ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ ዳር ወንበሩን ዘርግቶ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን እዚያ ዘመድም፣ ገበያም፣ ወዳጅም የለኝም። ከቤቴ ተነሥቼ ቤቴ የምደርስበት፣ በመካከሉ ምንም የሌለበት ጉዞ የግል ጉዳይ የሚሆነው በየትኛው ግላዊ ደስታዬ እንደሆነ ኮሚቴው ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። እናቴ ከጎኔ መኖሯ የሽርሽር ማስረጃ ነው ካሉም፣ ከእናቴ ጋር ቀለበት መንገድ የዞረ ሰው ሽርሽር ነው አይለውም።

፭. ከሁሉ በላይ ማስረጃ ስላደረጉት ቃል አመሰግናለሁ። ስለ ነዳጁ በጠየቁኝ ጊዜ «ይቅርታ፣ አቶ ኦርሜሮድ፣ ጥያቄው አልገባኝም» ብዬ መለስኩ። እርስዎም ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ነቅለው አወጡና «ሠራተኛዋ ይቅርታ በመጠየቅ ጥፋቷን አምናለች» ብለው ለኮሚቴው አቀረቡ። እኔን ሌባ የሚያደርግ ሌላ ማስረጃ የለዎትም፤ ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለዎት።

እርስዎም እኔም የተወለድነው ሰው እግራችንን ሲረግጠን ይቅርታ በምንል ሕዝብ መካከል ነው። ሾርባው ቀዝቅዞ ሲመጣ አስተናጋጁን ይቅርታ እንላለን። በጨለማ ከወንበር ጋር ስንጋጭ ወንበሩን ይቅርታ እንላለን። የእናቴ ጎረቤት ሌባ ቤቱ ገብቶ ሲያገኘው «ይቅርታ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብሎታል፤ ሌባው ግን ይቅርታ ሳይል ነው በመስኮት የወጣው። ይህ ቃል የጥፋት ማመኛ ከሆነ ከኤድንብራ እስከ ዶቨር ከእስር የሚተርፍ የለም። እርስዎ ራስዎ የክሱን ደብዳቤ ሲሰጡኝ «ይቅርታ፣ ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ» ብለዋል። በምን ወንጀል እንደሚጠየቁ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

፮. በመጨረሻም ስለ ቸርነትዎ። ትናንት ቢሮዎ አስጠርተውኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «በገዛ ፈቃድሽ ልቀቂ፤ ጥሩ የሥራ ምስክር እጽፍልሻለሁ፤ ገና ወጣት ነሽ፣ ራስሽን ከኮሚቴ ጋር አታጋፍጪ» አሉኝ። አመሰግናለሁ፤ ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ሌባ ነኝ ካሉ፣ ለሌባ መልካም ምስክር የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? ሌባ አይደለሁም ካሉ ደግሞ ሐሙስ ለምን እንገናኛለን? ከሁለቱ አንዱን እስኪመርጡ ድረስ መልቀቂያውን አልፈርምም። ከመረጡም በኋላ አልፈርምም።

ሐሙስ እመጣለሁ። የነዳጅ ካርዱንና የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እናገራለሁ፤ ያንን በየቀኑ ሳላስብ የምለውን ቃል ግን ከአፌ አይሰሙትም። እንደ አገሬ ልማድ ይህ ለእኔ ከባድ ጾም ነው፤ ቢሆንም እችለዋለሁ። ካባረሩኝ ያባረሩኝ ያዘዙኝን ስለፈጸምኩ መሆኑን በቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፌ እወጣለሁ።

ግራሞችዎ ይቀንሱ፣ ዋንጫዎችዎ ይብዙ፣ የሚያጋጥሙዎት መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ይሁኑ እያልኩ፣ ለሰጡኝ ምክር፣ ለረሱት ምክርና ለተከሰስኩበት ምክር በእኩል ልብ አመሰግናለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ እስከ አሁን ድረስ ታዛዥ የነበረችው፣

ሮዊና ሃስላም
የከተማ ክልል ሽያጭ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ሕጉ ሐሙስ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባ ይዤ እንድቀርብ ይፈቅድልኛል። በእርስዎ ምክር ይህንኑ ዓይነት መኪና ከወሰዱት መካከል አብሮኝ የሚቀርብ እንዳለ ብጠይቅ፣ ለካ ሁሉም በየእሑዱ መኪናቸውን የሚያስሮጡበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ፈቃደኞቹ ስለበዙ ዕጣ አወጣን፤ የደረሰው ለምክትልዎ ለአቶ ጌቲን ፒው ነው። ስሙን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቀው «ጻፊው» አለኝ፤ «እኔ ወደ ሼፊልድ ነው የማስሮጣት። በኩባንያው ካርድ ነው የምቀዳው። አስሩጣት ያሉኝም እሳቸው ናቸው።»