ሰማንያ ላይ የምትንቀጠቀጠው መኪና

ዋራንጊ ከብት ማርቢያ፣ ኩዊንስላንድ
መጋቢት 12 ቀን

ውዷ ልጄ ኬሪን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ ከበደሽ? ስልኩን ቶሎ ቶሎ የምዘጋብሽ ወሬ አጥቼ አይደለም፤ ስልኩ ከአባትሽ ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው። ይህችን ደብዳቤ ለፖስታ አውሮፕላኑ አብራሪ ለኖርም በእጁ እሰጣታለሁ።

ስትወልጂ እደርሳለሁ ያልኩሽን አልረሳሁም። ግን ጎርፉ ካለፈ ወዲህ አሮጌዋ ፊልድ መኪናችን ፍጥነቷ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲገባ ጥርስ እስኪንገጫገጭ ትንቀጠቀጣለች። የከብት መኪናው ቁልፍ ደግሞ ከአባትሽ ኪስ አይወጣም።

«ቬርና፣ በዚህች ሬሳ ሣጥን ከተማ ልሂድ ካልሽ መጀመሪያ ተናዘዢ» ይለኛል።

«እንግዲያው ጠግናት!»

«ዕቃው ከብሪዝበን ይመጣል። ምን አስቸኮለሽ?»

የመጣ ዕቃ የለም። ባለፈው ሳምንት አጥር ሊያይ በሞተር ብስክሌት ሲወጣ መኪናዋን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወሰድኳት። መጀመሪያ የጎማዎቹ ቸርኬዎች ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በካቻቢቴ ፍቄ አወጣሁ። ስነዳት የመሪው መንቀጥቀጥ ቆመ፤ መቀመጫዬ ግን አሁንም ይንዘፈዘፋል። ሰማንያ አስገብቼ ማርሹን ዜሮ አደረግሁት። ሞተሩ ረገበ፣ መንዘፍዘፉ ግን አልተወኝም። ሞተሩ አይደለማ! ወርጄ ከሥሯ ገባሁ።

ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰካል። ተፈቶ ሲገጠም እንዳይዛነፍ አባትሽ ራሱ ሁለቱም ላይ ነጭ ቀለም ቀብቶ ነበር። «ነጭ ከነጭ ካልገጠመ ታንቀጠቅጥሻለች» ብሎ ያስተማረኝም እሱ ነው። አንዱ ነጭ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ሆኖ አገኘሁት። መኪናዋ ሥሯ በሙሉ የጎርፍ ጭቃ ለብሷል፤ የዘንጉ ቡሎኖች ብቻ ንጹሕ ናቸው።

ሲገጥመው ስቶ ይሆናል አልኩ። ማታ ሥጋውን እየቆረጠ ሳለ «ሌስ፣ ዘንጉን ፈትተኸው ነበር እንዴ?» አልኩት።

«እኔ? ከጎርፉ ወዲህ እጄ አልነካውም» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ድንች ጨመርኩለት። ተናድጃለሁ ልጄ፣ ፈርቻለሁም። እንዲያውም አሳዘነኝ። ከሄድኩ እንደማልመለስ እኔ ራሴ ሳላውቀው እሱ አውቆታል።

በማግስቱ ነጩን ከነጩ ገጠምኩት። አሁን በመቶ ስነዳትም እንደ ውኃ ናት። ጭቃውን ግን እንዳይነቃብኝ አርጥቤ መልሼ ቸርኬዎቹ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። እሁድ አብረን ስንወጣ መሪው እጁ ላይ ተርገፈገፈ።

«አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት።

በሰላም ተገላገይ፤ የልጅሽን ዓይን ለማየት ያብቃኝ። ስትደውዪ ስለ መኪናዋ ጠይቂኝ፤ «ያው ናት» እልሻለሁ። አንቺ ግን አልጋ አንጥፊልኝ። ጭቃውን መንገድ ላይ የምፍቅበት ካቻቢቴ መቀመጫዬ ሥር ነው።

እናትሽ ቬርና