በዐይኔ ቆብ ላይ ያለው ስብ

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 1987 ዓ.ም.፤ ጧት 2 ሰዓት

ተላጭቼ ጨርሻለሁ፤ ከመስተዋቱ ግን አልራቅሁም። ሁለቱም አሉ። በቀኙ የዐይን ቆብ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ምስር የሚያህል። በግራው ቀጠን ያለ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ሕመም የለሽ።

ደብተሬ ሆይ፣ ለመልኬ የምጨነቅ ሰው እንዳልነበርኩ ታውቃለህ። ሃያ ስድስት ዓመት በዳኝነት ወንበር ስቀመጥ መስተዋት የማየው ለክራባቴ ብቻ ነበር። አሁን ግን በፋሲካ በቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር አዳራሽ ንግግር አደርጋለሁ፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ትኩር ብለው አይተውኝ ጉበትዎን ያምዎታል ወይ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ መሬት መሬት እያየሁ ዋልኩ።

ረቡዕ ከቆዳ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አለኝ። ጀርመንኛዬ ለትራም እንጂ ለሐኪም አይበቃም። ወ/ሮ ንግሥቲ ታስተረጉምልኛለች። አሥመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ እዚህ ሃያ ዓመት የሆናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ቴርሚኑን የያዘችልኝም እሷው ናት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ንግግሩ እርጋታ አለው። በመብራት አየኝ። ከቆዳው ሥር የተጠራቀመ የደም ስብ ነው፤ ኮሌስትሮል። በአሲድ ይነሣል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ዐይን ብቻ። ደሙ ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይመጣል። ነገ በባዶ ሆድ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ።

ቀጥሎ ምግቤን ጠየቀ። ቅቤ? እንቁላል? አይብ?

ወ/ሮ ንግሥቲ ወደ እኔ ዞራ በአክብሮት ትጠብቃለች። ሁዳዴ ነው አልኩ። የእንስሳት ነገር አልነካም፤ ከዓመቱም የሚበልጠው ቀኔ ጾም ነው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሷ ካልኩት በላይ አርዝማ ተረጎመች። ስንወጣ ምን ጨመርሽበት አልኳት።

«ጾም የሚያስጠብቁን እሳቸው ናቸው አልኩት፣ ጋሼ። ካለዚያ መች ያምናል? እነሱ ጾም የሚመስላቸው ሥጋውን ትቶ አይብ መብላት ነው» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ ጧት የበላሁት፦ ሁለት እንቁላል፣ በቅቤ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7፤ ረፋድ

ደም ሰጥቼ ተመለስኩ። ለአንተ እንኳ ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጾም በሙሉ አልጾምኩም። መጀመሪያ ምግብ ማብሰል ስለማልችል ነበር፤ ዳቦና ቅቤ ይቀላል። ኋላ ልማድ ሆነ። በጾም ወራት ቅቤና እንቁላል የምገዛው እዚህ በሰፈሬ በጊንሃይም አይደለም። ጉትሎይትፊርቴል የሚባል ሩቅ ሰፈር ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ የሚያውቀኝ የለም። ዕቃውን በጋዜጣ እጠቀልላለሁ።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የንስሐ አባቴን ፈቃድ ብጠይቅ አይነፍጉኝም ነበር። አልጠየቅሁም። ጿሚ መባሉ ጣፍጦኝ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

የቀኙ ተደረገ። በቀጭን እንጨት ጫፍ አሲዱን ነካ ነካ አደረገው። ሚጥሚጣ ዐይን ውስጥ የገባ ያህል፤ ከዚያ ቆዳው ነጣ። ቅርፊት ይይዛል፣ አይነካ፣ ውኃ አይግባበት።

የደሙ ውጤት መጥፎ ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። እንዲህ የሚመገብ ሰው ይህን ያህል ስብ ሊኖረው አይገባም አለ። ስለዚህ የዘር ይመስለዋል። የዘር ከሆነ ልጆችም ይመርመሩ፤ ትንንሾቹም ጭምር። ልጅ አለህ ወይ ሲል ወ/ሮ ንግሥቲ ቀደመችኝ። ሴት ልጅና የልጅ ልጅ እንዳሉኝ ነገረችው።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ዐይኔ እያለቀሰ ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

ማምሻውን ራሷ ለልጄ ለሶስና ደውላ ነገረቻት። ለደግ ብላ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስብሰባ። ጥቁር መነጽር አድርጌ ገባሁ። ዚንድሊንገን በሚባለው ሰፈር በኬሚካል ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡት አቶ ተስፉ፣ ዳኛው ፊልም ሊሠሩ ነው ወይ ብለው አሳቁብኝ። ሳቁ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። አምና በሁዳዴ እኒህን ሰው ጡረተኞችም በሚስተናገዱበት በፋብሪካው ካንቲን ቋሊማ በልተዋል ተብሎ በጉባኤ ፊት የገሠጽኳቸው እኔ ነኝ። ተነሥተው ይቅርታ ጠይቀው ነበር። በዕድሜ ታላቄ ናቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 17፤ ከምሳ በኋላ

ከሶስና ቤት መጣሁ። ልጄ ከስታለች። ለሐሙስ ጧት ለልጇ ለሊና የደም ምርመራ ቀጠሮ ይዛለች። ወተት ከለከለቻት። እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ፣ ሁሉንም። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤት የሚቋጠርላት ደረቅ ዳቦ በቲማቲም ሆኗል። እናትየዋ በየጧቱ ዐይኗን ገልጣ በመብራት ታያታለች።

ሊና ጭኔ ላይ ወጥታ የዐይኔን ቅርፊት አየች። በአማርኛ ጠየቅኋት፣ እንደ ወትሮው በጀርመንኛ መለሰች። ይህንን ግን ገባኝ። ኦፓ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ እኔንም በአሲድ ያቃጥሉኛል? አለች።

የለም አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። የቀረበልኝን ምስር በልቼ ወጣሁ። ሶስና በር ድረስ ሸኝታኝ፣ አባባ አንተ ጾመህ እንኳ ካልዳንክ እኛ ምን ልንሆን ነው አለችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 18፤ ጧት

እንቁላሉን አልጠበስኩም። ጽድቅ አይደለም፤ የሊና ደረቅ ዳቦ ትዝ ብሎኝ ነው።

ለንስሐ አባቴ ብናገር ለእኔ ይጠቅመኛል። ለሊና ግን አይጠቅማትም። መነገር ያለበት ለሐኪሙ ነው፣ ነገ ለግራው ዐይኔ ስሄድ፤ ለሐኪሙ የሚነገረው ደግሞ በወ/ሮ ንግሥቲ አፍ ነው። በችሎት ሳለሁ አስተርጓሚ ሳላስምል ምስክር ሰምቼ አላውቅም።

ደወልኩላት።

ያው ዕለት፤ 10 ሰዓት

በሰፈሬ ካለው የቴሌኮም ማማ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነገርኳት። እንቁላሉን፣ ጉትሎይትን፣ ጋዜጣውን። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«በእኔ አፍ ነው የዋሹት፣ ጋሼ።»

አዎ አልኩ።

«ለሶስናም በስልክ ያስለቀስኳት እኔ ነኝ።»

አዎ።

«ነገ እመጣለሁ። አንቱ ያሉትን እላለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም።»

ሁልጊዜ ክንዴን ይዛ መንገድ ታሻግረኝ ነበር። ዛሬ ቀድማኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19፤ ከቀኑ 6 ሰዓት

ተናገርኩ። ወ/ሮ ንግሥቲ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተረጎመች። ዶክተሩ አልተቆጣም። ጥቂት ጻፈ። እንግዲያውስ ያልከውን ጾም ስምንት ሳምንት በእውነት ጹም፣ ከዚያ ደምህን ደግመን እናያለን አለ። የልጅቷ አይቸኩልም፤ የዘር መሆኑን አሁን ማወቅ አይቻልም። ወተቷ ይመለስላት። የግራ ዐይኔን ሊነካው ብሎ ነበር፤ ይቆየኝ አልኩ።

ውጭ ስንወጣ ወ/ሮ ንግሥቲ፣ ለሶስና እኔ ልንገራት ወይ አለች። ድምፅዋ ትንሽ ለስልሷል።

አይሆንም አልኳት። ከልጄ ጋር አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20፤ ጧት 1 ሰዓት ከሩብ

የፋሲካውን ንግግር ትቻለሁ። ለጉባኤው ምክንያቱን ራሴ እናገራለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አቶ ተስፉ ቤት እሄዳለሁ።

ከዚያም በፊት ሶስና። ለነገ ሊናን ሳታዘጋጅ።

ደወልኩ። ሊና አነሣች። እናቷ ፀጉሯን እየታጠበች ነው። እጠብቃለሁ አልኳት። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ይህን እጽፋለሁ። ሊና ቁርስ ደረቅ ዳቦ መሆኑን ትነግረኛለች። በሩቅ የውኃ ድምፅ። ቆመ። እርምጃ ይሰማኛል።

ሶስና ናት። አባባ፣ በደኅና ነው በጧቱ? ትላለች። እኔ አልጾምኩም፣ ልጄ፤ ለሊና ወተቷን መልሺላት እላለሁ።