ለታላቅሽ ልቀቂ

ውድ ማሉአል፤

ይህን ብዕር የያዘችው ልጅህ አሉኤል ናት። የእጅ ጽሕፈቷን አይተህ እንዳትደነግጥ፣ ተደብቃ ሄደች እንዳትልም መጀመሪያ ይህን እወቅ። ያስጠራኋት እኔ ነኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ጀበል ሰፈር ካለው ምግብ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጽፈው። ልጄ ኢዛና እንዳይጽፍልኝ፣ ካምፓላ ተምሮ ፊደላችንን የሚያውቀው ከእኔ እኩል ነው፤ እኔ ደግሞ እንደምታውቀው ሀ እንኳን አላውቅም። አሉኤል አዲስ አበባ ተምራለች። ስለዚህ አፉ የእኔ፣ እጁ የልጅህ ነው።

ስደውል ስልክ አታነሳም። ቡሉክ ሰፈር ሄደህ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር የመኪና ውድድር እንደምታይ አብሮን የሚያየው ሱሌይማን ነግሮኛል። የእነሱ ስክሪን ከእኔው ይበልጣል አሉ። ይብለጥ። የሚከራከርህ ሰው ግን አለ?

ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። ልጅህና ልጄ መጋባት ይፈልጋሉ፤ እኔና አንተ በመኪና ውድድር ተጣልተን ነገሩ መንገድ ላይ ቆሟል። ሽማግሌ ብልክብህ «መጀመሪያ ወልደጊዮርጊስ የተናገረውን ይመልስ» ብለህ ሰደድካቸው። ያልኩትን አልመልስም። ሳልናገረው የቀረ ነገር ግን አለ፤ እሱን ልናገር።

ያን እሑድ አስታውስ። ዓመቱ የብርቱካንማዎቹ መኪኖች ነበር። አንድ ቡድን ሁሉን ሲጠቀልል እኔ አልወድም፤ ከእነሱ በፊት ጥቁር ሰማያዊው ጠቀለለ፣ ከዚያ በፊት ብርማው። አንተ ሁልጊዜ ከሚያሸንፈው ጋር ነህ። «ስደት ላይ ያደገ ሰው ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ይሸነፋል እንዴ?» ትለኛለህ። ሱሌይማን ከቀዩ ጋር ሆኖ «በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ይለወጣል፣ ያኔ ታያላችሁ» እንዳለ ያረጃል።

የዚያን ዕለት ቀድሞ የገባው ጥቁር ሰማያዊው ነበር፤ ስለ እሱ ግን ማንም አላወራም። እኛን ያባላን ሁለተኛው ቦታ ነው። ከብርቱካንማዎቹ ሁለት ነጂዎች ታላቁ ፊት ነበር፤ ጎማ ሊቀይሩለት ሲገባ አንዱ ጎማ እምቢ አለና ዘገየ፣ ታናሹ ቀደመው። ከዚያ አለቆቹ በሬዲዮ «ቦታውን መልስለት» አሉት። ልጁ አጉረመረመ፤ አጉረምርሞም ለቀቀ።

«ፈሪ» አልኩ እኔ።

«የተቀጣ ልጅ ነው በል» አልከኝ አንተ።

«ጎማ ቀያሪው ላጠፋው ነጂው ምን አገባው?»

«አንድ ቤት ናቸው ወልዴ። በወንድምህ ብልሽት ብታልፍ፣ ያ ማለፍ ይባላል?»

ሱሌይማን «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ለሁለተኛ ነው እንዲህ የምትጮኹት? የእኔ ቀይ አራተኛ ወጥቶ ዝም ብያለሁ» ሲል ቤቱ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም። ወደ እኔ ዞረህ «ወንዙ ላይ የእኛ ደንብ ምን ነበር?» አልከኝ።

የውሃ ቦቴ ስንነዳ የነበረውን ነው። ወንዙ ዳር ቦቴ ለመሙላት በተሰለፍንበት መኪናው የተበላሸበት ሰው ከተራው ይወጣና፣ ጠግኖ ሲመለስ የነበረበት ቦታ ይሰጠው ነበር። የእኔ ፍሪሲዮን የተቃጠለ ጊዜ ከኋላዬ የነበርከው አንተ ነህ። ጠግኜ ስመለስ ቱቦውን ልታስገባ ነበር፤ ተውከውና ወደ ኋላ ነዳህ።

«ያኔ ማን አዘዘኝ?» አልከኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። 

መልስ ያጣ ሰው እጁ ያገኘውን ይወረውራል። «እንግዲያው አንተም ሬዲዮህን ያዝና አሉኤልን ለታላቅሽ ልቀቂ በላታ» አልኩህ። በእናንተ ዘንድ ታናሽ ከታላቋ በፊት እንደማትዳር፣ ታላቋ ፕሪሲላ ሳታገባ አሉኤልን መስጠት እንደሚከብድህ የነገርከኝ ለብቻዬ ነበር። እኔ ቢራ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት አወጣሁት። አንዳንዱ ሳቀ። አንተ ተነሥተህ «ልጆቼን ስክሪን ላይ አወጣሃቸው። ኻላስ፣ አበቃ» ብለህ ወጣህ።

አሉኤል እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመች። «ይህን አባቴ ያውቀዋል፣ ለምን እጽፈዋለሁ?» አለችኝ። «እኔም ማወቄን እንዲያውቅ» አልኳት።

አሁን ያልተናገርኩትን ስማ።

ኢዛና ያንን ውድድር በስልኩ እንደገና አሳየኝ። ድምፁን አጥፋው አልኩት። ሰው ሳይጮህ፣ ሱሌይማን ሳይቀልድ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ያን ቀን ሙሉ የተከራከርነው ስለሚለቀው ልጅ ነው። አንተ ጨዋ አልከው፣ እኔ ፈሪ አልኩት። ስለሚለቀቅለት ግን አንተም እኔም ትንፍሽ አላልንም። አገር እያየ፣ በሬዲዮ ታዝዞ፣ ቦታ ሲለቀቅለት ሰው ምን ይሰማዋል?

እኔ አውቀዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለአንተም ቢሆን። ወንዙ ላይ ስትለቅልኝ አመስግኜህ ነበር፤ ሆዴ ግን አልፈኸኝ በሄድክ ይል ነበር። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ «ያ የተበላሸበት ሽማግሌ» እያለ የሚያየኝ መሰለኝ። የቻልኩት በአንድ ነገር ነው። አንተ ከመንዳትህ በፊት በመስኮት ብቅ ብለህ «ወልዴ፣ ትገባለህ?» ብለህ ጠየቅከኝ። እገባለሁ አልኩ። ስለዚህ የገባሁት እኔ ነኝ፤ አልተገባልኝም። ያን ዕለት ቤቴ ውስጥ «ማን አዘዘኝ?» ስትለኝ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነበር። ማንም አላዘዘህም፤ ደግሞም ጠይቀኸኛል።

ፕሪሲላንስ ጠይቀሃታል?

ንያኩሮን ሰፈር ያለው ክሊኒኳ እየሄድኩ ደም ግፊቴን የምትለካልኝ እሷ ናት። ጨው ቀንስ ስትለኝ እሺ እላለሁ፣ እንደማልቀንስ ታውቃለች፣ ትስቃለች። ባለፈው ክንዴን አስራ መሣሪያዋን ስትነፋ ጥያቄው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። የአንተ ልጅ ናት፤ ይህን የሚጠይቃት አባቷ እንጂ እኔ አይደለሁም። መሣሪያው ግን ግፊቴን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ «አባባ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?» አለችኝ። «ጨው ነው» አልኳት።

እኛ ሁለት ሽማግሌዎች የአንዷን መቅደም የአንዷን መቅረት ስናወራ ስንት ጊዜ ሆነን። እሷ ግን በዚህ ውድድር ውስጥ መሆኗን እንኳ ታውቀው እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ከመንገዱ ዳር ቆማ ለእህቷ እያጨበጨበች ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ይከፋታል፤ ቤቱ በታናሽ እህቷ እልልታ ሲሞላ እሷን በየጓዳው ሊያሟት ነው። ሁለቱም ይሆናል። እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም።

ስለዚህ ጠይቃት። አክስቶቿ በሌሉበት፣ ለብቻዋ፣ እንደ ወንዙ ጊዜ በመስኮት ብቅ ብለህ። «ትለፍ» ካለችህ ሽማግሌዎቼን ተቀበላቸው። «አባባ፣ ቅር ይለኛል» ካለችህ ደግሞ ይጠብቃሉ። እኔ በሕይወቴ ለማንም መንገድ ለቅቄ የማላውቅ ሰው፣ ኢዛናን እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ እለዋለሁ። ሳላጉረመርም።

አሉኤል እንደገና አቆመች። አሁንስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይህን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«እኔን ሳይጠይቁኝ ነዋ ቃል የሚገቡት።»

ከአንተ ቤት ሰው አፌን ሲያስይዘኝ ይኸው ሁለተኛው ነው። ኢዛና ከውስጥ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ዝም በል አልኩት፤ ቀጥሎም ልጅህን፣ በእርጅናዬ፣ እንደሚገባ ጠየቅኋት። «ፕሪሲላ ቅር ካላት ትጠብቂያለሽ?»

ብዕሩን ከጠረጴዛው አነሣች።  ከዚያ «እህቴ ራሷ ከነገረችኝ እጠብቃለሁ። አባቴ ካዘዘኝ ግን…» አለችና ተወችው። ጨርሺው አላልኳትም። ወረቀቱ ሰፊ ነው፤ የቀረውን ከእኔ ስም በታች ራሷ ትጽፍልሃለች። ያ በእሷና በአንተ መካከል ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዋንጫው የማን እንደሚሆን ገና አልታወቀም፤ ሱሌይማን ቀዩ ስለሌለበት አይመለከተኝም ብሎ ደስ ብሎታል። ለውድድሩ ብለህ እንዳትመጣ፤ ውድድርማ ቡሉክም አለ። ፕሪሲላ ያለችህን ይዘህ ና። የምትከፋኝ ቃልም ብትሆን፣ ከአፍህ ልስማት። ልጆችህን በተመለከተ ከእንግዲህ ሰው ባለበት አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም። ይህን ቃል ስሰጥ ማንም አላዘዘኝም። ስለ ብርቱካንማዎቹ ግን የምለውን እላለሁ።

ወንድምህ ወልደጊዮርጊስ ነኝ። ስሜን አሉኤል ጽፋዋለች፤ ከጎኑ ያለው አሻራ የእኔ ነው።

በይ ልጄ፣ ጽፈሽ ጨረስሽ? አሁን ከ«ውድ ማሉአል» ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። አሻራዬ ጋ ስትደርሺ ግን አቁሚ፤ ከእሱ በታች ያለውን እኔ አልሰማም።