አባዬ ለሰው የማይሰጠው ቦርሳ

ሰኞ

አልገጥም አለ። ሦስት ጊዜ ዘርግፌ መልሼ ከተትኩት፤ ክዳኑ ጣቴን ቆንጥጦኝ እንደገና ተከፈተ። ዕቃው የሳሙና ማስቀመጫ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አባዬ አይዝም። "ዚያራ የሚሄድ ሰው ኡሌውን ብቻ ይይዛል፤ ጓዝ የነጋዴ ነው" ይላል። ዚያራ የሚለው የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊሳለም የሚሄድበትን ጉዞ፣ ኡሌ የሚለው ደግሞ ጫፉ ባላ የሆነውን የሼክ ሁሴን ዱላ ነው። የቀረውን የመንገዱ ሰው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል።

ዕድሜውን ሙሉ ሲናና ስንዴ ሲያርስ ኖሮ በየዓመቱ ለአረፋ እንዲሁ ሄዷል። አምና ግን ከጊኒር ወዲያ ያለውን በእግሩ ሲሄድ ስኳሩ ወርዶ ወደቀ። ያነሱት ሰዎች ምን እንደነካው እንኳን አላወቁም። ሼክ ሁሴንን ሳያይ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣልን።

ዘንድሮ ታላቅ ወንድሜ ጀማል "አይሄድም፣ አለቀ" ብሏል። አባዬ አልተከራከረም። ኡሌውን ቅቤ ቀብቶ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የለም፣ ሳቅ የለም። ጀማል ልክ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይሄ ሰውዬ በመንገድ እንዳይሞት ብለን እቤት ልንገድለው ነው።

ስለዚህ ከጀማል ጋር ተዋዋልን። ነገ አባዬን ይዤ ከሮቤ ጎባ በእግር እሄዳለሁ። ዕቃውን እንደያዘ በሰላም ከደረሰ ሐሙስ ይሳፈራል።

ፈተናውን ያለፉ፦ ስኳር በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ (ዋናው እሱ ነው)፣ ክብሪት፣ ቁራጭ ሻማ፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ የውሃ ማከሚያ እንክብል፣ መርፌና ክር፣ ስሙንና ሕመሙን በአማርኛና በኦሮምኛ የጻፍኩበት ካርድ።

የወደቁ፦ ባትሪ፣ ቢላዋ፣ ጩኮ። ጩኮውን ሳወጣ ቆጨኝ፤ ግን ገብሱ የተለወሰበት ቅቤ ሲሞቅ ክብሪቱን ያበሰብሰዋል። ኪሱ ውስጥ ለብቻው ይሂድ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክዳኑ ቀጭ አለ። እልል ስል ስፌት ሱቄ ልብስ ሊለኩ የመጡ ሁለት ደንበኞች ያበድኩ መስሏቸው ተያዩ።

ማክሰኞ

ውርደት።

እግሩን ስጠብቅ እጁን ረሳሁት። አረማመዱስ የጎረምሳ ነበር፤ ያለከለክሁት እኔ ነኝ። ጎባ ስንደርስ ጀማል በባጃጅ መጥቶ ይጠብቀናል። ኮራ ብዬ ዕቃውን ከፈትኩለት።

መርፌ። መርፌና ክር ብቻ!

ስኳሩን መንገድ ላይ ልጅ አዝላ ላገኛት ሴት። ክብሪቱን ሲጋራ ለያዘ ሰውዬ። ሻማውንና የውሃ ማከሚያውን መስጊድ በር ላይ። ፕላስተሩን እጁ ለተላጠ ጋሪ ነጂ። ፊሽካውን፣ ፊሽካው ለጠፋበት የታክሲ ተራ አስከባሪ! ካርዱንም አንዱ ስልክ ሊጽፍበት ወስዶታል።

"ያ ኢንተለ ኮ" አለኝ አባዬ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ "ዚያራ ነው ብለሽ ይዘሽኝ ወጣሽ። በዚያራ መንገድ የጠየቀ እጅ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? መርፌዋን ማንም አልጠየቀኝም።"

ጀማል እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሳልስቅ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የገዛ አባቴን ልማድ ረስቼ ለሌላ ሰው አባት የሚሆን ዕቃ አዘጋጀሁ። ለሱ በእጁ ያለ ነገር ሁሉ የጠያቂው ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ሱቄ ውስጥ አኩርፌ ስሰፋ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

"እህቴን ላስታምም ዶዶላ ስሄድ አንድ ጆንያ ገብስ አባትሽን አደራ ብያቸው ነበር" አሉ። "እናታችሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤቷ እህል አልቆ ከሰው ስትበደር፣ የእኔ ጆንያ እንደታሰረ ጠበቀኝ።"

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። አደራ! አባዬ የራሱን ይሰጣል፤ የሰው አደራ ግን አንገቱ ቢቆረጥ አይነካም።

ቀጥሎ ደነገጥኩ። ዕቃውን አደራ ብንለው፣ ካልነካውማ ስኳሩንም አይበላም። እዚያው አደራውን ታቅፎ ይወድቃል።

"እሱን ለእኔ ተዪው" አሉ እትዬ ዘነበች።

ሁሉንም እንደገና ገዛሁ። ከዝናብ ልብስ ቁራጭ ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳ ሰፋሁለት። ከሰዓት እትዬ ዘነበች በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ።

"አባ ጀማል፣ ይሄ የእኔ ነው። አደራ! ለማንም እንዳይሰጡብኝ። ሲያዞርዎት ግን ስኳሩን ራስዎ ይብሉ፤ ያ የአደራው ቃል ነው። ሲመለሱ ቦርሳዬን ያስረክቡኛል።"

አባዬ ዞሮ አየኝ። ገብቶታል፤ ሞኝ አይደለም።

"አማና ከባድ ነው፣ ዘነቡ" አለ፤ አደራን አማና ይላል።

"ስለሚከብድ ነዋ ለእርስዎ የሰጠሁት።"

ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ተቀበለና ከሽርጡ ሥር ታጠቀው። ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "አማና ካለበት እንግዲህ..." ብሎ ወጣ። ጓሮ ገብቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። እንዲህ ያለ ድል ከስንት አንዴ ነው!

ሐሙስ

ሄደ። መናኸሪያው በኡሌ ተሞልቷል። አውቶብሱ ሳይነሳ ለሼክ ሁሴን የሚዜመውን ባህሮ ጀምረዋል፤ የአባዬን ድምፅ ለየሁት። ማታ ከጊኒር በሰው ስልክ ደወለ። የራሱን ለማን እንዳዋሰው አልጠየቅኩትም።

ዓርብ

ስልክ የለም። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ቅዳሜ

የለም። ጀማል ሁለቴ ሱቄ በር ድረስ መጥቶ ስልኬን አይቶ ተመለሰ። ሦስተኛ ከመጣ እጮህበታለሁ።

እሑድ

ፍርሃቶቼ፦ ሙቀቱ። ቋጠሮው ቢፈታስ። ቃሉን ትቶ አደራውን ብቻ ቢጠብቅስ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ አይደለም፦ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች ለማርያም ተስያለሁ አሉኝ። እኔም ዱዓዬን አላቋረጥኩም።

ሰኞ

ደረሰ! ደረሰ! አልሐምዱሊላህ!

በማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከጀርባው የሕዝብ ጫጫታ። አውርቶ አይጠግብም። ትናንት ዳገት ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀው፣ ዓይኑ ጨለመበት። ጥላ ሥር ተቀምጦ ቋጠሮውን ሲፈታ አጠገቡ የነበረ መንገደኛ፣ "ሐጂ፣ ለሻዬ ትንሽ ስኳር" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ምን አልከው?" ብዬ ጮህኩ።

"የሰው አማና ነው አልኩት። እያየኝ ብቻዬን በላሁት። ፋጤ፣ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።"

ከዚያ ተነስቶ ሄደ። በእግሩ።

ሱቁ ውስጥ እልልታዬን ለቀቅኩት። ጀማል እየሮጠ መጥቶ ስልኩን ተቀበለኝና "አባ..." ብሎ ዓይኑን እየጠረገ መልሶ ሰጠኝ። እትዬ ዘነበች ከግድግዳው ወዲያ "ደረሱ?" ብለው ጮኹ።

አባዬ ሊዘጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የቀረው ስኳር ለመመለሻዬ ይበቃኛል?"

ስለ ራሱ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። ይበቃሃል አልኩት። ካልበቃህ ግዛ፣ የእትዬ ዘነበች ትእዛዝ ነው አልኩት። እሺ አለ።