የዘይነባ የጀርባ ውሃ

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዛሬም ከደዶ ገጠር በሽተኞች በቃሬዛ ወደ ሆስፒታላችን አመጡ። አንገታቸው የደረቀ፣ ብርሃን የሚያማቸው። ማጅራት ገትር ነው። ላቦራቶሪዬ ውስጥ ጀርሙን በማይክሮስኮፕ አየሁት። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ግን የምለይበት ነገር እዚህ የለም። ዝርያው ካልታወቀ አዲስ አበባ ክትባት አይልክም። እስከዚያ እኛ እንቀብራለን።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

መልስ መጣ። ከበሽተኞቹ አከርካሪ በመርፌ ቀድተን አዲስ አበባ ከላክነው የጀርባ ውሃ ምንም ጀርም አልበቀለም። ሹፌራችንን ጋሽ ተካን ጠየቅኩት። ዕድሜውን ክትባት በበረዶ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፤ ይሄም እንዳይበላሽ ብሎ በረዶ ውስጥ ከቶታል። ይህን ጀርም ግን ብርድ ይገድለዋል። ነግሬው ነበር። ልጮህበት ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት። መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዘይነባ ታመመች፣ ማስታወሻዬ። የጎረቤቴ የሐሊማ አንድ ልጅ። ደዶ አክስቷ ዘንድ ለቅሶ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ ራሴን ትላለች። ሐሊማ መርፌውን አልፈቅድም አለች። ጀርባው የተወጋ አይተርፍም ይባላል በሰፈሩ። እውነትም አይተርፉም፤ የሚመጡት ከረፈደ ነው። መዳኛዋ መድኃኒቱ ነው፣ ውሃው ደግሞ ዝርያው ታውቆ ክትባት እንዲመጣ ለደዶ ልጆች ነው ብዬ ለመንኳት። ከዚያ፣ «ለአላህ ሰጥቻታለሁ፣ ቀጥሎ ላንቺ» አለችኝ።

ውሃው ደፍርሶ ወጣ። መድኃኒት ጀመርንላት። የጉዞ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ በልመና አወጣሁ፤ ሊቀመንበሩ ወረርሽኝ የሚለውን ቃል እንዳልደግም አስጠነቀቀኝ። ውሃው ያለባትን ጠርሙስ ራሴ አዲስ አበባ እወስዳለሁ።

የካቲት 15፣ እሑድ፣ ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

ዘይነባ ሞተች። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ሰጣት፣ አልሆነም። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በፊት ነው። እኔ የለሁም። መርፌው ነው የገደላት እያሉ ነው፤ ቀብር ሳልቆም መሄዴን ሲሰሙ ሰፈራችን አወቱ መንደራ ውስጥ ከእንግዲህ ማን ደጄን ይረግጣል? እወዳት ነበር። ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።

ጠርሙሷን ብርድ እንዳያገኛት ጡቴ ሥር በመቀነት አስሬያታለሁ። ከቤት ስወጣ ሐሊማ በሩ ላይ ቆማለች። የት እንደምሄድ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን ዘርግታ በልብሴ ላይ ጠርሙሷን ዳሰሰች። ይሞቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይሞቃል አልኳት። እጇን ሳታነሳ ቆየች።

የአውቶቡሱ ሞተር ተነሳ። ደብተሬን አጥፌ እጄን ጠርሙሷ ላይ አደርጋለሁ።