የታችኛዋ ዓይን

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እኅቴ ለእታለም ሰብሊ፤ ሰላምታዬ ከሞላሌ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ቤሩት ይግባልሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ቀጣሪዎችሽስ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይለቁሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ዘንድሮ ገብሱን ነካካው እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘንም።

ባለፈው ክረምት በስልክ «የአባባን መልክ እየረሳሁት ነው፤ አሁንም እንደተቀየሙኝ ናቸው?» ብለሽ ስታለቅሺ ወሬ ለወጥኩብሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሳይመርቁሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን አንሥተው አያውቁም ነበር። ፎቷቸውን እንዳልልክልሽ ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፤ ገና ስልኬን ሳነሣ «ሰው ፊት ላይ ዕቃ መደገን የማን አስተዳደግ ነው!» ብለው የበግ ፀጉር ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ።

ገበያው ዳር ፎቶ ቤት የነበራቸውን አቶ አፈወርቅን ታስታውሻለሽ? ስልክ መጥቶ ሥራቸውን ካዘጋባቸው ወዲህ አሮጌዋ ካሜራቸው ሣጥን ውስጥ ተኝታ ነበር። መስከረም ላይ ለምኜ ተዋስኳት። ሁለት ዓይን አላት፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። የላይኛዋ ለአንሺው ማያ ናት፤ ምስሉን ፊልሙ ላይ የምታስቀረው የታችኛዋ ናት። ባትሪ የላት፣ ምን የላት! ደረትሽ ላይ ታንጠለጥያትና፣ ከአናቷ ክዳኑን ከፍተሽ፣ አጎንብሰሽ ወደ ውስጥ ታያለሽ።

እታለም፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! መጀመሪያ ጓሳ ይዣት ወጥቼ ሳጎነብስ፣ መዳፍ የማታህል መስታወት ላይ ያ ሁሉ ሜዳ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው ይታያል፤ ደመናው ይሄዳል። ግራና ቀኙ ተገላብጦ ስለሚታይ፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው በግ እዚያ ውስጥ ወደ ግራ ይሄዳል። ተወልጄ ያደግሁበትን አገር ያን ቀን ገና አየሁት። «አቤት ያንተ ሥራ!» ብዬ አማተብኩ፤ አትሣቂብኝ።

ገብሱ የተወቃ ዕለት ወደ አባባ ይዣት ሄድኩ። አውድማው ዳር ተቀምጠዋል። ደረቴ ላይ ያለችውን ነገር አየት አደረጉ፤ ፊት ላይ የምትደገን ስላልሆነች አልተከናነቡም። አጎነበስኩ። በመስታወቱ ሳያቸው እሳቸውም ጎንበስ! ቀና አልኩ፤ ቀና አሉ። ደግሜ ሳጎነብስ ደግመው ጎንበስ። ለካ እጅ እየነሣኋቸው መስሏቸው አጸፋውን እየመለሱ ኖሯል! ሣቄ አምልጦኝ «ምነው አባባ?» ብላቸው፣ «እጅ የነሣን ሰው ዝም ይሉታል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ፊልም ዐሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ግማሹን በባርኔጣቸው አናት ጨረስኩት።

በመጨረሻ አስረዳኋቸው። «የላይኛዋ የእኔ ማያ ናት። የታችኛዋ ግን መልክዎን ለሰብሊ የምታደርስላት ናት» አልኳቸው። ስምሽን ስጠራ ፈርቼ ነበር፤ ተነሥተው የሚሄዱ መስሎኝ። የታችኛዋን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ «እንግዲያ የታችኛዋ የሰብሊ ዓይን ናታ» አሉ። ሰብሊ አሉ፣ እታለም! በራሳቸው አፍ!

ተነሥተው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ባናቸውን አስተካከሉ። እኔ አጎነበስኩ፤ እሳቸው አላጎነበሱም። መስታወቱ ላይ ፊታቸው ፍንትው ብሎ ወጣ፤ የሚያዩት ግን እኔን አይደለም፣ ከእኔ ዝቅ አድርገው ነው። «የሄድሽበት ይቅናሽ፤ እመብርሃን ትከተልሽ» ሲሉ ሰማሁ። እንባዬ መስታወቱ ላይ ጠብ አለ። እንደዚያው ሆኜ አነሣኋቸው።

አቶ አፈወርቅ ከአዲስ አበባ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት አስመጥተው ፊልሙን በጨለማ ክፍላቸው አጠቡልኝ። ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ተኝቶ ሳየው፣ መጀመሪያ ቅንድባቸው መጣ፣ ቀጥሎ ዓይናቸው። እኔን ያላዩኝ አባባ፣ ወረቀቱን የያዘውን ሰው ቀጥ አድርገው ያያሉ! በስልክ መላኩ ቀላል ነበር፤ ግን ወረቀቱ ራሱ እጅሽ ይግባ ብዬ ወደዚያ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለይመኙሻል ሰጥቻታለሁ። ፊት ለፊትሽ ያዢው። አንቺን ነው የሚያዩሽ።

እማዬ ጉንጭሽን እያገላበጠች ስማሻለች፤ ፎቶውን ካየች ጀምሮ «እኔስ ሰው አይደለሁም?» እያለች አስቸግራኛለች። ታናሻችን ኮከብ «ጫማዬን እንዳትረሺ» ብላሻለች። አባባን «ምን ብለዋል ልበላት?» ብላቸው፣ «ምን ትላለህ? እኔው አይቻት የለ!» አሉኝ።

ወንድምሽ ማዕረግ ገሠሠ
ሞላሌ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.