ጭልፋው የሚሰቀልበት ግድግዳ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ ወይ? እንቅልፍሽስ መለስ አለልሽ? እህትሽ በጤናዋ እንደምትገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ አቧራውንም መጨመር አለብኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ስለተነቀለ ምግቤን የማበስለው ኮሪደሩ ላይ ባስቀመጥኩት ትንሽ ምድጃ ነው፤ ሳህን የማጥበው መታጠቢያ ቤት ነው። ጎረቤታችን ነርሷ ትናንት በበር ብቅ ብላ፣ «መምህር፣ ይህ ቤት እየተሠራ ነው ወይስ እየፈረሰ?» አለችኝ።

ከሄድሽ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀንሽ ነው። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ሌላ አነጋገር አላውቅበትም።

ወጥ ቤታችን ጠባብ እንደነበር አንቺም ትመሰክሪያለሽ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሰባ ነው፤ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። አንቺ ምድጃው ጋ ቆመሽ እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ ስገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ አንተ ኑርበት ወይ እኔ ልኑርበት» እያልሽ በክንድሽ ትገፊኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን በካሬ ደብተር ላይ ፕላን መሥራት ጀመርኩ። ማጠቢያው መስኮቱ ሥር እንዲሆን፣ መደርደሪያው እጅሽ ከሚደርስበት እንዳያልፍ፣ ሁሉንም በሴንቲ ሜትር ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕላኖች ቢገላበጡም አልበቃ አሉ። ሦስተኛው ግድግዳውን አፍርሶ የልጃችንን የወፌን ክፍል ከወጥ ቤቱ ጋር የሚቀላቅል ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ክፍሏ ተዘግቶ ከሚቀር ብርሃን ይግባበት አልኩ። ያኔ ያልኩት ይህን ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በእርሳስ እያሳየሁ አስረዳሁሽ። ስጨርስም «ጥያቄ አለሽ?» አልኩሽ። አንቺ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣትሽ እያጠፍሽ ዝም አልሽ። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ክፍል ውስጥ ሳደርግ የኖርኩትን አደረግሁ። እጅ የሚያወጣ ሲጠፋ ሰሌዳው ይጠፋና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል።

እህትሽን ልትጠይቂ ለሳምንት ስትሄጂ ግንበኛውን ጠራሁት። አቧራው እንዳያሳልሽ ብዬ ነው። የክፍሏን በር ስከፍትለት አልጋዋን፣ መጻሕፍቷን፣ አልጋው ሥር የተሰደሩትን ጫማዎቿን አየና፣ «ጋሼ፣ የማን ክፍል ነው?» አለኝ። «ዕቃ ቤት ነው» አልኩት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

አንቺ ስትመለሺ በበሩ በኩል ያለው የግድግዳው ግማሽ ወርዶ ነበር። ሻርፕሽን ሳታወልቂ ፍርስራሹ ላይ ቆምሽ። «ሳትጠይቀኝ?» አልሽ። እኔም ደብተሬን አምጥቼ የጠየቅሁሽን ቀንና ሰዓት አነበብኩልሽ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ቦርሳሽን መሬት ሳታስነኪ ተመልሰሽ ወጣሽ።

በማግስቱ እልህ ይዞኝ ሥራው ይቀጥል አልኩ። ግንበኛው ጭልፋው የሚሰቀልበትን መደርደሪያ ነቀለና ከሥሩ ያለውን ግድግዳ አይቶ መሳቅ ጀመረ። «ጋሼ፣ ይህን ልስን እንደ ዶሮ የጫረው ማነው?» አለኝ። ሄጄ አየሁት። የጭልፋው እጀታ ጫፍ የጎደጎዳቸው፣ ጥፍር የሚያካክሉ ጉድጓዶች ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ስለተደራረበ ልቆጥራቸው ብል አቃተኝ። በክፍሏ በኩል ዞሬም አየሁ። በአልጋዋ ከፍታ፣ ተኝታ እጇን ብትዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ የጣት አንጓ በሚያህል ስፋት ተልጧል።

ታማ ተኝታ የከረመችባቸው አምስት ወራት ትዝ አሉኝ። ለመጣራት ድምጿ ሲደክምባት ግድግዳ መምታት አስተማርሻት። ሁለት ጊዜ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ ነይ። አንድ ጊዜ ብቻ ከመታች ምንም አልፈለገችም፤ «አለሽ?» ማለቷ ነው። አንቺም በጭልፋው እጀታ አንድ ጊዜ መትተሽ «አለሁ» ትያት ነበር። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ስትመላለሱ እሷ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ ሆናችሁ ስትስቁ እሰማ ነበር። ጠባብነቱን እያማረርሽ ከዚያ ወጥ ቤት የማትወጪው ለምን እንደነበር ግንበኛው ፊት ቆሜ ገባኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ምን እላችሁ ነበር? «ልስኑ ይረግፋል።»

አሁን አራት ጊዜ የቀደድኩት ቦታ ላይ ደረስኩ።

ባረፈችበት ጠዋት መድኃኒት ልታመጪ ስትወጪ፣ «አደራ፣ ከዚህ እንዳትነሳ» ብለሽ ወጥ ቤት በርጩማው ላይ አስቀምጠሽኝ ሄድሽ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ አሥራ አንድ ቀርቶኝ ነበር። ስትመለሺ ገና ከበሩ፣ «ጠርታኝ ነበር?» አልሽኝ። «አልጠራችም» እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ።

ከበርጩማው አልተነሳሁም። አሥራ አንዱንም ወረቀት አርሜ ጨርሻለሁ። የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት ዛሬም በቃሌ ልነግርሽ እችላለሁ። ግድግዳውም ተመትቶ ነበር፦ ሦስት፤ እንደገና ሦስት፤ ረዘም ካለ ጊዜ በኋላ አንድ። ይህንንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

ግድግዳው እንዲፈርስ የፈለግሁት ወጥ ቤቱ ስለጠበበ ብቻ እንዳልነበር አሁን ሳይገባሽ አይቀርም።

ግንበኛውን አስቆምኩት። ያፈረሰውን መልሶ እንዲገነባው ስነግረው፣ «ጋሼ፣ የሰጡኝ ፕላን እኮ እንዲህ አይልም» አለኝ። ፕላኑ ስህተት ነው አልኩት። በሰው ሥራ ላይ በቀይ ስጽፈው የኖርኩትን ቃል ስለ ራሴ ሥራ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ክፍሉ የማን እንደሆነም ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ መዶሻ ሲያነሳ እንኳ ቀስ ብሎ ነው።

አዲሱ ግንብ ገና አልተለሰነም። አልጋዋን ወደ ቦታው መልሻለሁ፤ ጫማዎቿንም አቧራቸውን ጠርጌ እንደነበሩ ደርድሬያለሁ። የተጎደጎደውን ልስን ማንም እንዳይነካው አድርጌ መደርደሪያውን ከበላዩ መልሼ አስመትቻለሁ። ወጥ ቤቱ እንደ ድሮው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስቆመው። የማጠቢያው ቧንቧ በዚህ ሳምንት ይገጠማል።

ዛሬ ጠዋት ግንበኛው ሳይመጣ ጭልፋውን አወረድኩና በእጀታው አንድ ጊዜ መታሁ። ማዶ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ አእምሮውን ሳተ ብለሽ አትስጊ። የመልስ ዕዳ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘገየሁ።

ይህን ደብዳቤ ጥያቄ አለሽ ወይ ብዬ አልዘጋውም። ዝም ብትይኝም ዝምታሽን እንደ እሺታ አልቆጥረውም፤ እንደ ይቅርታም አልቆጥረውም። ተመለሺ ለማለትም አፍ የለኝም። የክፍሏ ቁልፍ ግን እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታው፤ እንቅልፍ አይንሳሽ። ያስጠጋችሽን እህትሽን በደጇ ክፉ አያሳያት። አንቺን ያጽናሽ፤ እኔን እንደ ፈቃዱ ያድርገኝ።

የልጅሽ አባት